የእታፈራሁ ካሴት ሁለተኛው ጎን

ሜላት የደወለችልኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ፣ ልጄ ቤት ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ አዲስ አበባ ገና ረፋድ ነው። ቁጥሩን ስላላወቅሁት ላላነሳው ነበር።

«እትዬ አስካለ ነዎት? ይቅርታ፣ ቁጥርዎን ድሮ ሳውንድ ይሠሩ ከነበሩ ሰውዬ ነው ያገኘሁት። ሜላት እባላለሁ። እኔም፣ ማለቴ፣ የእርስዎን ሥራ ነው የምሠራው። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ።»

የእኔን ሥራ በዚህ ስም ሲጠሩት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኛ «ቅንብር» ነበር የምንለው። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ኪቦርድ እጫወታለሁ» እላለሁ፤ የጠየቁኝ የንስሐ አባቴ ከሆኑ ደግሞ ድምፄን ትንሽ ዝቅ አድርጌ።

«አንድ ካሴት አግኝተናል» አለች ሜላት። «እኛ መስቀል ፍላወር አንድ ቤት ውስጥ የድሮ ነገር እናጫውታለን። የካሴቱን ሁለተኛ ጎን ባጫወትኩ ቁጥር፣ በቃ፣ ሰው ሁሉ ማን ነው የሠራው እያለ ይመጣብኛል። አሁን ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ሰምተውት በሸክላ እናሳትመው ብለዋል። ከዘመኑ የቀደመ ነው ብለው ጻፉልን።»

የማን ካሴት እንደሆነ ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ። ቢሆንም ጠየቅኋት።

«የእታፈራሁ» አለች።

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷን አላገኘናትም። ግን ቅንብሩ የእርስዎ ስለሆነ እርስዎ ከፈረሙ ይበቃል ብለውናል።»

እፈርማለሁም አልፈርምም አላልኳትም። ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ይህን የምጽፈው በተሰጠኝ ጊዜ ውስጥ ነው። ከሥራው ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። የቀኝ ጆሮዬ ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ሲያቆም፣ በማልሰማው ነገር ላይ አልፈርድም ብዬ ኪቦርዴን ሸፈንኩት። በደንብ የማላስታውሰውን አልጽፍም፤ የማስታውሰውን ግን አላለዝበውም።

ያደግሁት ቂርቆስ ነው። ከበሮ የተማርኩት ከሰንበት ትምህርት ቤት ሲሆን ኪቦርድ የተማርኩት ደግሞ ከአንድ የሙዚቃ መምህር ጎረቤታችን ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የካሴት ሥራ ሲደራ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ጓሮ፣ ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ ሰው ስቱዲዮ ከፍተው ነበር። ቀድሞ በአንድ የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ጥርሳቸው ሲወልቅ ትራምፔቱን ትተው ወደ ማሽን ዞሩ። ስቱዲዮ ስል ሁለት ክፍል ማለቴ ነው። አንደኛው ክፍል ግድግዳው በሙሉ የወታደር ብርድ ልብስ የተሰፋበት፣ ዘፋኝ የሚቆምበት ነው። ሁለተኛው ውስጥ እኔ፣ ኪቦርዱ፣ ስምንት መስመር የሚቀዳው ማሽን፣ እና መብራት በጠፋ ቁጥር የምንሳለመው ፍሎፒ ዲስክ ነበርን። ሥራው ፍሎፒው ላይ ሳይቀመጥ መብራት ከሄደ የጠዋት ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዛሬም ኮምፒውተር ላይ ሁለት መስመር ስጽፍ እጄ ሳያስበው ያስቀምጣል።

ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ውልም አልነበረኝም። የተከፈለኝ በልምድ ነው።

የጋሽ ዘውዴን ልምድ ልንገራችሁ። ዘፋኝ ሲመጣ መጀመሪያ ግጥሙን እንደ ወሬ ያስወሩታል። «አትዝፈንልኝ፤ ዝም ብለህ ንገረኝ» ይሉታል። ሲናገር የት ላይ እንደሚተነፍስ እርሳስ ይዘው ምልክት ያደርጋሉ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረው «እዚህ ጋ ማሽንሽ ዝም ይበል፤ ሰውየው አየር ይፈልጋል» ይሉኛል። በፍሎፒዎቹ ላይ የሪትሙን ስም የሚጽፉትም በእርሳስ ነው፤ በእስክሪብቶ ጽፌ ካዩኝ አይወዱም። «ሪትም ርስት አይደለም፤ ነገ ስሙም ጌታውም ይቀየራል።»

ሥራው አለቀ ስንል ሚክሱን በካሴት ገልብጠው ታክሲ ውስጥ ይገባሉ። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ የሚሠራ ሽፈራው የሚባል ሾፌር ወዳጃቸው ነበር። ካሴቱን ይሰጡትና መጨረሻው ወንበር ላይ እኔን በመስኮት በኩል አስቀምጠው አብረውኝ ይጓዛሉ። ስፒከሩን አይሰሙም፤ ተሳፋሪውን ነው የሚያዩት። ሁለት ሰው ለመጨዋወት ድምፁን ከፍ ካደረገ «መካከለኛው ድምፅ ወፍሯል፣ አቅጥኚው» ይሉኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ መውረጃዋን አልፋ፣ ወያላው «እናት፣ ብሔራዊ ነበር እኮ ያሉኝ» ሲላት ደንግጣ «ወራጅ አለ» አለች። ጋሽ ዘውዴ ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። «አልቋል» አሉ። ያ ሚክስ እንደዚያው ወጣ።

የመጨረሻው ልምዳቸው ማስረከብ ይባላል። ያኔ ካሴቱን በብዛት ለሚገለብጠው አባዢ የምንሰጠው ማስተር፣ ዋናው ቅጂ ማለት ነው፣ በጥሩ ካሴት የተቀዳ ነበር። በካሴት ጀርባ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች እንዳሉ የዘመኑ ሰው ያስታውሳል፤ እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ጋሽ ዘውዴ ዘፋኙን የእኔ ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ሁለቱንም ጎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሰሙታል። እሺ ካለ እስክሪብቶ ይሰጡትና ፕላስቲኮቹን ራሱ ይሰብራል። «ከዚህ በኋላ እኔም አልነካውም፣ አንቺም አትነኪውም» ይሉኛል። አንዳንድ ዘፋኝ ይስቃል። አንድ ወፍራም ጎረምሳ ግን ሰብሮ ሲጨርስ አልቅሷል።

አሁን ስለ ጭብጨባው። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ቺክቺካ እኩል የተቆረጠ ነበር፤ እንደ ሰዓት። ለእኔ ልክ አልመጣልኝም። ከበሮ የመታ ሰው ያውቀዋል፤ በሰፊው በኩል ያለው እጅና በጠባቡ በኩል ያለው እጅ አንድ ላይ አይደርሱም። ጠባቡ በኩል ጥቂት ይዘገያል፤ ትንሽ እንደማመንታት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የማሽኑን ጭብጨባ ያዝኩና በጣም በጥቂቱ ወደ ኋላ አዘገየሁት። ከዚያ መዝሙር ሲጀመር ምእመናን እንደሚያደርጉት ጭብጨባውን ብቻውን አስቀድሜ፣ ቤዙን ከአራት ዙር በኋላ አስገባሁት። ጋሽ ዘውዴ ከውጭ ገብተው ቆመው ሰሙ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከሰንበት ትምህርት ቤት።»

«የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ንገሪያቸው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አባ ብዙ አልተናገሩም። «የምታገለግይበትን እጅ የት እንደምታውይው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሰው የሚያጣላ ግጥም ግን አትሥሪ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ግጥሙን አስቀድሜ ሳላነብ ሥራ ተቀብዬ አላውቅም። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብም አልሠራሁም። በዚህ ምክንያት የመለስኩት ሥራ ጥቂት አይደለም።

ጭብጨባው ያዘ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዘፋኙ ሁሉ ገና ከበሩ ላይ «ያንን ነገርሽን አስገቢልኝ» የሚል ሆነ። ሙዚቃ ቤቶች «የካዛንቺሷ ጭብጨባ» አሉት፤ ሠርግ ላይ በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ሰው ከወንበሩ ይነሳል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ዓመት ለመድኩት። በአራተኛው ግን ጠዋት ፍሎፒውን ስከት የምትቀጥለውን ድምፅ አስቀድሜ ስለማውቃት እጄ ይደክመኝ ጀመር። አዲስ ነገር ሞክሬ ሳሰማቸው ዘፋኞቹ በትሕትና ይሰሙና «ቆንጆ ነው። አሁን የእኔን እንሥራ» ይሉኛል።

ሌላውም ነገር አለ። ልደብቀው አልችልም። አንድ ቀን ከስቱዲዮው አቅራቢያ ባለ ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ ማታ ማታ እዚያ ከሚጫወተው ባንድ ልጆች አንዱ፣ ጊታር የሚጫወተው፣ ለጓደኞቹ «አስኩን አትልከፏት፤ ሥራ በዝቶባታል» አለ።

«ምን ትሠራለች?»

«ፎቶ ኮፒ።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ስቱዲዮ ስመለስ ግን መንገዱ ረዝሞብኝ ነበር።

እታፈራሁ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። እዚያው ሆቴል ከባንዱ ጋር የምትዘፍን፣ ከእኔ በሦስት ዓመት የምታንስ ልጅ ናት። ድምፅዋ ወፍራም አይደለም፤ ጫፉ ላይ ሻካራ ነገር አለው። ካሴት ለማውጣት ብላ ወርቋን ሸጣለች። ዕቅዷ ግልጽ ነበር። ካሴቷ ሠርግ ቤት ከገባ በሠርግ ትጠራለች፤ በሠርግ ከተጠራች ሆቴሉን ትተዋለች። ሆቴሉን የምትጠላበትን ምክንያት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አንድ ጊዜ ብቻ «ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠኝ ሰው አልፈልግም፤ የሚጨፍርልኝ ነው የምፈልገው» ብላኛለች።

«ምን ዓይነት ቅንብር ትፈልጊያለሽ?» ስላት ሳቀች።

«አስኩዬ፣ ምን እፈልጋለሁ? ጭብጨባሽን ነዋ። ከላይ እስከ ታች።»

አሥር ዘፈን ሠራን። ሁሉም በጭብጨባው። ጋሽ ዘውዴ አስረከቡ፤ እታፈራሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ጎን ሰማች። ሁለተኛው ጎን ላይ ተነስታ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ትከሻዋን ወዘወዘች። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ተቀብላ ሁለቱንም ፕላስቲክ ሰበረች። ጋሽ ዘውዴ በማግስቱ ለሕክምና ሆስፒታል ገቡ። ማስተሩን ለአባዢው ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ሦስት ቀን ነበረኝ።

በሁለተኛው ቀን ብቻዬን ነበርኩ። በሁለተኛው ጎን ካሉት ዘፈኖች አንዱን ከፍቼ ለጨዋታ ያህል ጭብጨባውን አጠፋሁት። ቀጥዬ ቤዙን። ድምፅዋ ብቻዋን ቀረች። ያ ሻካራ ጫፍ ያን ጊዜ ብቻ ተሰማኝ፤ ለካ ጭብጨባዬ ስር ተቀብሮ ኖሯል። ከስሩ አንድ ረዥም ዝቅ ያለ ድምፅ አስገባሁ። ትንፋሿን በገደል ማሚቶ መልሼ፣ እየዘገየ፣ ራሱን እንዲያጨበጭብ አደረግሁት። ከበሮ የሌለው፣ ግን ምት ያለው ነገር ሆነ። ምሳ አልበላሁም። ሲመሽ አምስቱም ዘፈን እንደዚያ ሆኖ አለቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሠራሁበት ቀን የለም፤ ይህንንም አልክድም።

ልደውልላት እችል ነበር። ሆቴሉ ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም፤ በእግሬም መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ምክንያቱን ለብዙ ዓመት ለራሴ ስዋሽ ኖሬአለሁ። ጊዜ አልነበረኝም እል ነበር። እውነቱ ግን እንቢ እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው።

የካሴቱን ቀዳዳዎች በወረቀት ደፍኜ ፕላስተር ለጠፍኩባቸው። ሁለተኛውን ጎን፣ እሷ ሰምታ እሺ ባለችው ላይ፣ አዲሱን ቀዳሁበት። በታክሲ የሞከርንበት ካሴት ሌላ ሥራ ተቀድቶበት ስለነበር የቀድሞው ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። የሪትሙን ፍሎፒም አዲሱን ሳስቀምጥበት ደምስሼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለአባዢው አስረከብኩ።

ካሴቱ ለፋሲካ ደረሰ። እታፈራሁ እህቷንና ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ሜክሲኮ ወደሚገኝ ሙዚቃ ቤት ሄደች፤ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ባለሱቁ አንደኛውን ጎን በትልቁ ስፒከር ለመንገዱ ለቀቀው። ሰው ቆመ፤ ጎረቤቶቿ እልል አሉ። ከዚያ «ሁለተኛውንም አሰማን» አለችው። ገለበጠው። ረዥሙ ድምፅ መጣ፤ ትንፋሿ መጣ። ባለሱቁ ካሴቱን አውጥቶ በትንሹ ጣቱ አጠነጠነውና መልሶ ከተተው። እንደገና ያው። «ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ፍሬ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ከፈተ። ሌላውም ያው። በሳምንቱ ውስጥ ደንበኛው ሁሉ «ተበላሽቷል ቀይሩልን» እያለ መለሰው፤ ሙዚቃ ቤቶቹም ለአከፋፋዩ መለሱ። የሠርግ ሰው ግማሹ የማይሠራ ካሴት አይገዛም።

ስቱዲዮ ስትመጣ ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማሽኑ ተበላሽቶብሽ ነው?»

መውጫ እየሰጠችኝ ነበር። ብቀበላት ትቀበለኝ ነበር።

«አይ፣ ሆን ብዬ ነው። ድምፅሽ እንደዚያ ይበልጥ ያምራል ብዬ ነው።»

«ለማን?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፍሎፒዎች መደርደር ጀመርኩ።

«ለማን ነው የሚያምረው፣ አስካለ? ለሰው ሁሉ የሰጠሽውን ነው የጠየቅሁሽ። አዲስ ነገር መሞከር አምሮሽ ከነበረ እኔ ሰው አልነበርኩም? አትጠይቂኝም?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«እንቢ እልሽ ነበር» አለች። «እንቢ ማለት የእኔ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ውስጥ ጥቂት ወራት ዘፈነች። ወደ ጅቡቲ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።

ጋሽ ዘውዴ ከሆስፒታል ወጥተው ሲመጡ ከአባዢው የተመለሰውን ማስተር ከፊታቸው አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ጎን እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አልተቆጡም። ፕላስተሩን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ላጡት።

«ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ሥራ ሠርተሽ አታውቂም» አሉ። «ደግመሽም የምትሠሪ አይመስለኝም። ግን ያንቺ አልነበረም።»

«ምን ላድርግ?»

«እሷን ፈልጊ። ሙከራውንም አትተዪ፤ ከተውሽው ደግሞ ባልበደለሽ ሰው ላይ ትወጭዋለሽ። በራስሽ ቦታ ሞክሪ።»

ቦታውን ራሳቸው አሳዩኝ። ካሴት ላይ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የሚተርፍ ባዶ ቴፕ አለ፤ ሦስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አራት። ከዚያ በኋላ ዘፋኙን «ይህችን ትርፍ ትሰጠኛለህ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ከሰጠኝ የፈለግሁትን እሠራበታለሁ፤ ካልሰጠኝ ባዶ ይቀራል። ብዙዎቹ ሰጡኝ። አንዱ «ሰው ካሴቱ አልቋል ብሎ ሲያጠፋው የሚያመልጠው ሥራ ነው የምትሠሪው» ብሎ ስቆብኛል። ልክ ነበር። ግን እዚያች ትርፍ ላይ የሞከርኳቸው ነገሮች በዓመት በዓመቱ ወደ ጭብጨባው እየገቡ አደሱት። እየተጠየቁ ስለገቡ ማንንም አላስቀየሙም። አሥር ዓመት በሥራው ያቆየኝ ይህ ነው። ኋላ ሲዲ መጣ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣና ትርፍ ቴፕ የሚባል ነገር ቀረ። ወጣቶቹ የሚጠይቁት ሰው ሳይኖር ቀኑን ሙሉ የፈለጉትን ሲሞክሩ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ከነሱ ጋርም ካዛንቺስ ውስጥ በሌላ ስቱዲዮ ብዙ ሠርቻለሁ። ጋሽ ዘውዴ ያንን ሳያዩ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

እታፈራሁን ፈልጊ ያሉኝን ግን በደንብ አላደረግሁም። አባ ንስሐ ስገባ «ከእሷ ሳትታረቂ ከእኔ ምን ፈልገሽ ነው?» ብለውኛል። ሆቴሉ ሄጄ ጠየቅሁ። እህቷ ቤት ሄድኩ፤ ቤት ለቀዋል አሉኝ። ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት። ሁለት ጊዜ ፈልጎ ማጣት ፈለግሁ ለማለት ያህል ነው እንጂ ፍለጋ አይደለም። ከዚያ ልጄ ወለደች፤ እኔም ተከትያት እዚህ መጣሁ። እዚህ እሑድ እሑድ ሕፃናትን ከበሮ አስተምራለሁ። እነሱ ሲመቱ እታፈራሁ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ትከሻዋን ስትወዘውዝ ትታየኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ አልጸልይላትም፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ አላውቅም።

ሜላት ባለፈው ሳምንት መልሳ ደወለች።

«እትዬ አስካለ፣ አልጫንዎትም። ግን ይህ ሥራ ካልወጣ ይጠፋል እኮ። እሷም ብትሰማ ደስ የሚላት አይመስልዎትም?»

«ይመስለኛል» አልኳት። «ያን ጊዜም መስሎኝ ነበር።»

«ገባኝ» አለች። እውነትም የገባት ይመስለኛል፤ ጎበዝ ልጅ ናት።

ስለዚህ በዚያን ጊዜ ካዛንቺስ የነበራችሁትን ሁሉ እለምናችኋለሁ። የሆቴሉ ባንድ ልጆች፣ አስተናጋጆች፣ ለሜክሲኮ ሙዚቃ ቤቶች በዚያ ፋሲካ ሰሞን ካሴት የመለሳችሁ፣ ወደ ጅቡቲ የተሻገራችሁና የተመለሳችሁ፤ እታፈራሁ ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ አድርሱልኝ። ስታገኟት ውጭ አገር ወደዱት ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያ እንድትታለል ያደርጋታል። መጀመሪያ አስካለ በድላሻለች፣ ይቅርታ ትጠይቅሻለች በሏት። ከዚያ ሁለተኛው ጎን ይውጣ ወይስ ይቅር ብላችሁ ጠይቋት። ይውጣ ካለች እሷ ፈርማ እኔ ከስሯ እፈርማለሁ። ይቅር ካለች ይቀራል፤ ለሜላትም ነግሬያታለሁ። አልፈልግም፣ መልስም አልሰጥም ካለች እሱም መልስ ነው። ምን እንዳለች ብቻ፣ በራሷ ቃል፣ ሳትጨምሩ ሳታሳምሩ አምጡልኝ።